ሙዚየሙ ሐይቅ ዳር ይሁን ታቦር ላይ?

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂው የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ናቸው። በአጭሩ እንዲህ ይላሉ፦

«በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን የማያልቅ ክርክር አለ። ሐዋሳ ትልቅ ሙዚየምና ሌሎች የባህል መስህቦች ቢሠሩላት የት ቢሆኑ ይሻላል? ግማሾቻችን ሐይቅ ዳር እንላለን። ግማሾቻችን ታቦር ተራራ ላይ። አንድ ባልደረባችን ደግሞ መሬት እንደ ልብ ይገኛል ብሎ ከከተማው ዳር ያለው ቱላ ይሁን ባይ ነው። ሁሉም አንድ ግቢ ይሰብሰቡ ወይስ ይበታተኑ? የከተማ ፕላን ባለሙያ ስለሆኑ እርስዎ ይገላግሉን።»

መምህር፣ የታሪክ መምህራንን መገላገል ቀላል አይደለም። አቋሜን ግን ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ዋናው ሙዚየም ከገብርኤል አደባባይ ወደ ፍቅር ሐይቅ፣ ማለትም ወደ ሐዋሳ ሐይቅ መዝናኛ ዳርቻ፣ በሚወርደው ጎዳና ላይ ይሁን። እዚያ ቦታ ከጠፋ ከጎዳናው ትንሽ ገባ ብሎ ይሁን። ሐይቁ ጠርዝ ላይ አይሁን። ታቦር አናት ላይም አይሁን። ቱላ ሌላ ነገር ይገባዋል፤ እሱን በኋላ አነሳዋለሁ።

ምክንያቱን ከጎብኚው ልጀምር። ወደ ሙዚየም የሚገባ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አስቦበት ይመጣል። ተማሪዎቹን አሰልፎ የሚመጣ መምህር አለ። ተመራማሪ አለ። አስጎብኚ የያዘ ቱሪስት አለ። እነዚህ ሙዚየሙን ተራራ ላይ ቢሰቅሉትም ፈልገው ያገኙታል። ሁለተኛው ለሌላ ጉዳይ ወጥቶ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ስላየ ብቻ ጎራ ይላል። ቀጠሮው የዘገየበት ሰው ነው። ከጓደኛዋ ጋር ወክ የምታደርግ ልጅ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን የት እንደሚወስዳቸው ግራ የገባው አባት ነው። የአንድን ሙዚየም ዕድሜ የሚወስነው ይኸኛው ነው። የምረቃው ሰሞን ሁሉም ይመጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት ማን ይገባል? ቦታ የሚመረጠው ለዚያ ማክሰኞ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ በደንብ ይታያል። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ ነው። ሕንፃው ትልቅ አይደለም። ግን ከተማውን የሚያቋርጥ ሰው ሁሉ በአጠገቡ ያልፋል። ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው። ትንሽ ከፍ ሲሉ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ሉሲን አይቶ የወጣ ሰው በእግሩ እዚያ ይደርሳል። በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየምም ፒያሳ ነው፣ ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ። ስለ ሕንፃው ግዝፈት ብዙ ማለት ይቻላል። የቦታ ምርጫውን ግን አልነቅፍም።

ከአዲስ አበባ ወጣ ስንል ጅማ ጥሩ ትምህርት አላት። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው፣ ከከተማው መሃል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። ቤተ መንግሥቱን ማንም አንስቶ ሊያመጣው አይችልም። ያ ቦታ ራሱ ቅርስ ነው፤ ጎብኚው ወደ እሱ ይሂድ። የጅማ ሙዚየም ግን መሃል ከተማ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ወገን የሆኑ ዕቃዎችን ይዞ ለከተማው ሰው ቀርቧል። ይህን ልዩነት ይያዙልኝ። ቦታው ራሱ ቅርስ የሆነ ነገር አለ። ዕቃው ተንቀሳቃሽ የሆነ ነገርም አለ። የመጀመሪያውን ባለበት ማክበር ነው። ሁለተኛውን ሰው ወዳለበት ማምጣት ነው። እናንተ ክፍል ውስጥ ያለው ክርክር ግማሹ እነዚህን ሁለቱን ከመቀላቀል የመጣ ይመስለኛል።

ጂንካ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ከከተማው ከፍ ብሎ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። ዕይታው ያምራል። ለተመራማሪ ጸጥታ ያለው ቦታ ነው። ለገበያ የወጣ ሰው ግን እግረ መንገዱን የሚገባበት አይደለም። ለምርምር ማዕከል ያ ምንም አይደል። ለከተማ ሙዚየም ግን ትልቅ ጉድለት ነው።

አሁን ወደ ሐዋሳ። ከተማዋ ወጣት ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ በነበሩበት ጊዜ። ከዚያ በፊት የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች። ገና ከጥንስሱ በፕላን የተሠራች ስለሆነች መንገዷ ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ሜዳ ነው። ለእግረኛና ለብስክሌት እንደ ሐዋሳ የተመቸ ከተማ በአገራችን ብዙ የለም። ይህን ሀብት ነው መጠቀም ያለብን።

ሰው በሐዋሳ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከሥራ ወጣ፣ ፒያሳ ደረሰ፣ ገብርኤልን ተሳለመ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ወረደ። እንግዳ ከመጣም መጀመሪያ የሚወሰደው በዚሁ መንገድ ነው። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ሲሆን ከሩቅ የመጣው ምዕመን ይሄንኑ አካባቢ ያጥለቀልቀዋል። ካፌው፣ ጁስ ቤቱ፣ ፎቶ አንሺው ሁሉ የተደረደረው ይህን የሰው ፍሰት አይቶ ነው። ነጋዴ በቦታ ምርጫ ብዙ ጊዜ ከባለሙያ ይቀድማል፤ ኪሳራው የራሱ ነውና። ሙዚየሙ በዚህ መስመር መካከል ላይ ቢቀመጥ ሐይቁን ለማየት የወረደ ሰው ሲወርድ ያየዋል። ሲመለስ፣ ፀሐዩ በርታ ካለ ወይ ካፊያ ከጣለ፣ ይገባል።

«ሐይቅ ዳር ራሱ ላይ ቢሆን ታዲያ ምን አለበት? የሰውዬው መድረሻ እኮ እዚያ ነው» ትሉኛላችሁ። ብዙ አለበት።

አንደኛ፣ ውሃው። ሐዋሳ ሐይቅ በገጽ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ከዙሪያው ጎርፍ ይገባበታል፣ የሚወጣው ግን በትነትና በከርሰ ምድር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ዝናብ ሲበዛ ይሞላል፣ ሲያንስ ይሸሻል። ከላይ ጫካው እየተመነጠረ፣ አፈሩ እየታጠበ ወደ ሐይቁ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዛሬ ብዙ ሰው አመሻሹ ላይ የሚንሸራሸርበት ከፍ ያለ የዳርቻ መንገድ ለመዝናኛ ተብሎ ብቻ የተሠራ አይደለም። ሐይቁ ሞልቶ ወደ ከተማው እንዳይገባ የታሰበ የአፈር ግድብ ነው። እዚያ ጠርዝ ላይ የምድር ቤት ቆፍሮ የቅርስ ግምጃ ቤት መሥራት ነገ ለፓምፕ በጀት መጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፣ እርጥበቱ። የሲዳማ ሙዚየም ምን ይይዛል? ቆዳ፣ ቀርከሃ፣ የእንሰት ቃጫ፣ እንጨት፣ ወረቀት፣ የድሮ ፎቶግራፍ። እነዚህ ሁሉ እርጥበት ሲለዋወጥባቸው ይሻግታሉ፣ ይጣመማሉ፣ ይነቅዛሉ። በእርግጥ የአየር ማስተካከያ መሣሪያ አለ። ግን መሣሪያው ሌት ተቀን መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይፈልጋል። ጀነሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ወደ ከተማው ገባ ማለት፣ ወፍራም ግድግዳና ጥሩ ነፋስ ያለው ሕንፃ መሥራት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ብዙውን ይቀንሳል።

ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። ሐይቁ ሰው ለመሳብ የሙዚየም እርዳታ አያስፈልገውም። ሰው ገንዘብ ሳይከፍል ውሃ የሚያይበት፣ ልጅ የሚሮጥበት፣ አዛውንት የሚቀመጥበት ዳርቻ ግን እያነሰ ነው። ከዳርቻው ብዙውን ሆቴሎችና ሪዞርቶች ይዘውታል። የቀረው ላይ ሕንፃ ብንቸክል፣ ሕንፃው ሙዚየም ስለሆነ ብቻ ጥፋቱ ልማት አይሆንም። ዳርቻው ክፍት ይሁን። ዛፍ ይተከልበት፣ አግዳሚ ይደረግበት፣ ሽንት ቤት ይሠራለት። ሽንት ቤቱን እንደ ቀልድ እንዳያልፉት፤ ሕፃን ይዛ የወጣች እናት ምን ያህል ሰዓት እንደምትቆይ የሚወስነው እሱ ነው።

ታቦርን በተመለከተ አጭር ነኝ። ታቦር ላይ ወጥቶ ሐይቁንና ከተማዋን አንድ ላይ ማየት የሐዋሳ ትልቁ ሥጦታ ነው፤ በነፃ። ሕንፃ እዚያ ቢሠራ ዕይታው የሕንፃው ይሆናል። ተማሪዎችዎን ይዘው ዳገቱን በፀሐይ ሲወጡ ያስቡት። ባጃጅ ኮንትራት ይዞ የሚወጣ ቤተሰብስ ደርሶ መልስ ስንት ይከፍላል? የኮሎምቢያዋ ሜደሊን ከተማ ዳገት ላይ ያለ የድሃ ሰፈር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ሠርታ በዓለም ተወድሳለች። ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ወደ ዳገቱ በሽቦ ተንጠልጥሎ የሚወጣ የሕዝብ ትራንስፖርት ተሠርቶ ነበር። መንገዱ ቀደመ፣ ሕንፃው ተከተለ። እዚያም ቢሆን ሕንፃው አሥር ዓመት ሳይሞላው በግንባታ ጉድለት ተዘግቷል። ታቦር ላይ የሚያስፈልገው ጥሩ የእግር መንገድ፣ ጥላና ጥቂት ማብራሪያ ሰሌዳዎች ናቸው። ከላይ የሚታየው መሬት የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ከተማዋ ያለችው በጥንታዊ ካልዴራ ውስጥ ነው፤ እሳተ ገሞራ ተደርምሶ በፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ ማለት ነው። ከሐይቁ ማዶ በሰሜን ምዕራብ በኩል ኮርቤቲ አለ፣ እሱም ገና ያልሞተ እሳተ ገሞራ ነው። ይህን እዚያው ቆሞ በጣት እያሳዩ ማስተማር የመሰለ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ከየት ይመጣል?

የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል በሚከበርበት በጉዱማሌ አደባባይ ላይ ደግሞ ጠበቅ ልበል። በዓሉ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የበዓሉን ቀን አያንቶ የሚባሉ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ይወስናሉ። ቡሪሳሜ የሚባለው የበዓሉ ምግብ ይቀርባል። ሰው ለበዓሉ በሚሠራው መተላለፊያ፣ በሁሉቃው ሥር ያልፋል። ከዚያ ሽማግሌውም ወጣቱም በቄጣላ እየጨፈረ ወደ አደባባዩ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚፈልገው ባዶ ሜዳ ነው። «ጉዱማሌ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነው፣ ለምን እዚያ ሙዚየም አይሠራም?» የሚል ሐሳብ ሲነሳ እሰማለሁ። ባዶነቱ ሥራው ነው! በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በሚሰበሰብበት ሜዳ ላይ ኮንክሪት ሲበዛ በዓሉ ወደ ጥግ ይገፋል። የማይዳሰስ ቅርስ ቤት አይሻም፣ ጊዜና ቦታ ነው የሚሻው። በዓሉን በዓመቱ በሌላው ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ ማሳየት ከተፈለገ ፊልሙም፣ ድምፁም፣ ቁሳቁሱም ዋናው ሙዚየም ውስጥ ይገባል። ሜዳው እንደ ሜዳነቱ ይቆይ።

የሐይቁ ዓሣ ገበያ አሞራ ገደልም እንዲሁ ቦታው ራሱ ትርኢት ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ዓሣው ሲበለት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ትርፍራፊ ለመልቀም ሰው መሃል ሲንጎራደዱ የሚያይ እንግዳ ሌላ መስህብ አይጠይቅም። እዚያ አንዲት ትንሽ ክፍል ብትኖር ጥሩ ነው። ስለ ሐይቁ ዓሣዎች፣ ስለ መረቡ ቀዳዳ ስፋት፣ ትንንሹ ዓሣ ለምን መያዝ እንደሌለበት የምትናገር። ከዚያ ያለፈ አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እፈራለሁ። ቦታውን «ለማሳመር» ተብሎ አጥማጆቹ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይነሱ። አጥማጁ ሲሄድ አሞራውም ይሄዳል፤ የቀረው የሲሚንቶ ወለል ነው።

ወደ ቱላ እንምጣ። ባልደረባዎ መሬት ሰፊ ነው ማለታቸው ልክ ነው። ነገር ግን መሬት ሰፊ መሆኑ ለመስህብ ቦታ መምረጫ ሲሆን የመጨረሻው ምክንያት ነው። በየከተማው ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ዳር የሚወጡት ዳር ስለሚሻል አይደለም። ሊዙ ርካሽ ስለሆነ፣ ካሳ ስለማይጠይቅ፣ የሚጨቃጨቅ ባለይዞታ ስለሌለ ነው። ለግንባታው በጀት ያ ይቀላል። ወጪው ግን አይጠፋም፣ በየቀኑ ጎብኚው በትራንስፖርት ይከፍለዋል። ወይም አይከፍልም፣ ይቀራል።

ግን ቱላ ከሌላው ቦታ የማይገኝ ነገር አላት። ሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ይባል እንጂ ዛሬም እንሰቱ ከጓሮ አልጠፋም። ከቀርከሃ እንደ መሶብ ተጠልፎ የሚሠራው የሲዳማ ባህላዊ ቤት በመስታወት ሣጥን ውስጥ አይገባም። አጠገቡ እንሰት ሊኖር ይገባል፣ ጓሮው ላይ ቡና፣ ቤቱ ውስጥ ከብት። እንሰት ሲፋቅ፣ ቆጮው ጉድጓድ ሲገባ፣ ቃጫው ሲለይ ማየት ይቻላል። እንዲህ ያለው ነገር ክፍት የአየር ሙዚየም ይባላል። በዓለም የመጀመሪያው የሚባለው የስቶክሆልሙ ስካንሰን እ.ኤ.አ. በ1891 ነው የተከፈተው። ዛሬም ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ቀኑን ሙሉ ይውልበታል። ለቱላ የምመክረው ግን አጥር አጥሮ ጎጆ መደርደር አይደለም። ጥቂት ፈቃደኛ አባወራዎች በቤታቸው እንግዳ ይቀበሉ። መንገዱ ይስተካከል፣ ንጹሕ ውሃ ይግባ፣ ገቢው በቀጥታ ለእነሱ ይሁን። የተጠናቀቀ ጎጆ ውስጥ ማኒኪን ማልበስ ይበቃናል፤ በየኤግዚቢሽኑ አይተነዋል። ወደ ይርጋለምና ወደ ዲላ የሚወርደው መንገደኛም አለ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ያ መንገድ ለጎብኚ የበለጠ ትርጉም አለው።

እንግዲህ «ይሰብሰቡ ወይስ ይበታተኑ?» ለሚለው መልሱ ከዚህ ወጣ። ቦታው ራሱ ቅርስ የሆነው ባለበት ይቆይ። ተንቀሳቃሹ ደግሞ በእግር በሚደረስ ርቀት ይጠጋጋ። አንድ ግቢ ውስጥ ግን አይታጨቅ። ሐረርን ይመልከቱ። ጁገል በሚባለው ግንብ ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም፣ በፈረንሳዊው ባለቅኔ ስም የራምቦ ቤት የሚባለው፣ ሌሎቹም በጠባቡ መንገድ እየተጠማዘዙ በእግር ይደረስባቸዋል። ጎብኚው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ቡና ይጠጣል፣ ልብስ ሰፊዎቹን ያያል፣ ዕቃ ይገዛል። ብሩ ከተማው ውስጥ ይቀራል። የጀርመኗ ፍራንክፈርትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በማይን ወንዝ ዳር ሙዚየሞቿን በተርታ ስትደረድር ብዙዎቹን ድሮ የመኖሪያ ቪላ የነበሩ ቤቶች ውስጥና አጠገብ ነው ያስገባችው። ሁሉም አንድ ትልቅ ግቢ ሲገቡ ግን ጎብኚው በመኪና ይመጣል፣ ግቢ ውስጥ ይበላል፣ በመኪና ይወጣል። ጎረቤቱ ያለው ባለ ሱቅ ያገኘው አቧራ ብቻ ይሆናል።

አንድ ሰው «ቢልባኦስ?» ማለቱ አይቀርም፤ ሁሌም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው የጉገንሃይም ሙዚየም ያቺን የስፔን ከተማ በዓለም አሳወቃት፣ እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ የዓለም ከንቲባ ሁሉ አንድ የሚያብረቀርቅ ሕንፃ ከሠራ ቱሪስት የሚጎርፍ ይመስለዋል። ቢልባኦ ግን ሕንፃውን ብቻ አልሠራችም። ሙዚየሙ ከመከፈቱ ሁለት ዓመት በፊት ሜትሮ ከፍታለች፣ የተበከለ ወንዟን አጽድታለች። ሙዚየሙ ያረፈበት የቀድሞ ወደብና ኢንዱስትሪ ቦታም ከመሃል ከተማው በእግር የሚደረስ ነበር። ሐዋሳ ከዚያ የምትወስደው የሕንፃውን ቅርጽ አይደለም።

ቦታው ተገኘ እንበል። የሕንፃው አቀማመጥ ቦታውን መልሶ ሊያበላሸው ይችላል። እኛ አገር የሕዝብ ሕንፃ ሲሠራ መጀመሪያ አጥር ይታጠራል። ከዚያ በር፣ ከዚያ ጥበቃ፣ ከዚያ ፍተሻ፣ ከዚያ «መታወቂያ»፣ ከዚያ «ማንን ፈልገህ ነው?» ይመጣል። እግረ መንገዱን ሊገባ የነበረው ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቀረው። ሕንፃው የእግረኛ መንገዱን ይዞ ይቁም። በሩ መንገዱ ላይ ይከፈት። የመሬት ወለሉ ግማሽ ካፌ፣ የመጻሕፍትና የዕደ ጥበብ ሱቅ ሆኖ ይከራይ፤ ለጥገና ገንዘብ ያመጣል። ጥበቃው ውስጥ፣ ዕቃው ጋ ይቁም። የአውቶቡስ ማቆሚያ ሌላ ቦታ ተፈልጎ ተሳፋሪው በር ላይ ወርዶ ቢሄድ ይሻላል። ፊት ለፊቱ ፓርኪንግ ያለው ሙዚየም ከመንገድ ሲታይ የመኪና መሸጫ ነው የሚመስለው።

ሰዓቱስ? ሐዋሳ የቅዳሜና የእሑድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዓርብ ማታ ገብቶ እሑድ ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. በተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት ወጣት ሴቶችም የሚያርፉት እሑድ ነው። እነዚህ ልጆች ከየገጠሩ የመጡ ናቸው። እናቶቻቸው የሚጠቀሙበት ዕቃ ሙዚየም ውስጥ ክብር አግኝቶ ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው ያስቡት። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በቢሮ ሰዓት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ዝግ የሆነ ሙዚየም የትም ቢሠራ ለእነሱ የለም ማለት ነው። ሰኞና ማክሰኞ ይዘጋ፤ እሑድ እስከ ምሽት ይከፈት። ለማክሰኞ ጠዋት ቦታ ይመረጣል ብዬ ነበር፤ ሠራተኛው ይረፍ ከተባለ ረቡዕ ይሁን፣ አልከራከርም።

የማን ሙዚየም ነው የሚለውም ከቦታ ጋር ይያያዛል። ሐዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል መዲና ናት። ከዚያ በፊት የደቡብ ክልል መዲና ነበረች። ከዚያም በፊት የሲዳሞ። ከሁሉም በፊት አዳሬ ናት፣ የሲዳማ አርብቶ አደር ከብቱን ያሠማራበት መሬት። ዛሬ በከተማዋ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሌላውም አብሮ ይኖራል። የሲዳማ ታሪክ መሠረቱ ሆኖ የሁሉም ኑሮ የሚታይበት ሙዚየም እንዲሆን ከተፈለገ ማንም ሳይሳቀቅ የሚገባበት ቦታ ላይ ይሁን። መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ አይግባ። የባለሥልጣን ቢሮ ያለበት ግቢ ሙዚየም ሲይዝ፣ ስብሰባ ባለ ቁጥር በሩ ይዘጋል። አደባባይና ገበያ አካባቢ ግን ሁሉም የኔ ነው ይላል።

መሬቱ ይገኛል ወይ? ይህ ከባዱ ነው፣ አልሸፍነውም። ከገብርኤል ወደ ሐይቁ ያለው መስመር በከተማዋ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሆቴል ልሥራ ባይ ባለሀብት ተሰልፎበታል። ከተማ አስተዳደሩ ቢሮ ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ «ይህን መሬት በጨረታ ብናወጣው ስንት ያስገባል?» የሚል ነው። የሊዝ ሕጉ ግን ለሕዝብ አገልግሎት መሬት ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ በር ይከፍታል። ዋናው ነገር በመዋቅራዊ ፕላኑና በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ ቦታው አስቀድሞ ለባህል አገልግሎት ተብሎ መቀለሙ ነው። ካልተቀለመ፣ ሙዚየሙ በጀት ባገኘ ቀን መሃል ከተማ መሬት አይኖርም። ያኔ ወደ ዳር ይወጣል።

ቦታውም እንደሚታሰበው ሰፊ መሆን የለበትም። በየሙዚየሙ ለእይታ የሚቀርበው ካለው ዕቃ ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ግምጃ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ግምጃ ቤቱን፣ የጥገና ክፍሉን፣ ቢሮውን ከእይታ አዳራሹ መለየት ይቻላል። እነዚያ ርካሽ መሬት ላይ፣ ከውሃ ርቀው፣ በከተማው ምሥራቅ ዳር ይሁኑ። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም የሚገኝ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2021 የዕቃ ግምጃ ቤቱን ራሱን የቻለ ሕንፃ አድርጎ ለጎብኚ ከፍቶታል። የእኛ ያን ያህል ይዋብ አልልም። ሐሳቡ ግን ይሠራል። መሃል ከተማ ላይ እይታውን ብቻ ካስቀረን ሦስት ፎቅ ያለው መካከለኛ ሕንፃ ይበቃል።

አዲስ ሕንፃ መሠራቱም ግዴታ አይደለም። ፒያሳ አካባቢ ከከተማዋ የመጀመሪያ ዓመታት የቀሩ ዝቅ ያሉ የቆርቆሮ ቤቶች አሉ። ስድሳ ዓመት ለአክሱም ምንም አይደለም፣ ለሐዋሳ ግን ሙሉ ዕድሜዋ ነው። የኮሪደር ልማት ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈርሱት እነሱ ናቸው። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን አድኖ የከተማዋን የልጅነት ታሪክ እዚያ ማሳየት ከአዲስ ግንባታ ይረክሳል። ለሙዚየም ተብሎ ነዋሪ ከቤቱ እንዲነሳ ግን በፍጹም አልመክርም። የሰው ትዝታ አፍርሶ የትዝታ ቤት መሥራት አያዋጣም። በመንግሥት እጅ ያሉ የተዘጉ መጋዘኖችና አገልግሎት ያቆሙ ቢሮዎች ይቅደሙ።

የሲዳማ ባህል አዳራሽም አለ። ሰው የለመደው ቦታ ነው፣ አንድ ክፍለ ከተማ በስሙ ይጠራል። ሙዚቃና ትያትር የሚቀርብበትን ነገር ሌላ ቦታ አዲስ ከመሥራት እሱኑ ማጠናከር ይሻላል። ምሽት ላይ ትያትር ያየ ሰው የሚወጣበት መንገድ መብራት ካለው፣ ያ ሁሉ ሰው ለአካባቢው እራት ቤቶች ይተርፋል።

መምህር፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጥዎ፤ ለተማሪዎችዎ ይሆናል። ክፍሉን በአራት ቡድን ይክፈሉት። አንዱ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ መሃል፣ አንዱ ፍቅር ሐይቅ፣ አንዱ ታቦር ግርጌ፣ አንዱ ቱላ ገበያ ይቁም። ቅዳሜ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ረቡዕ ጠዋትም ለአንድ ሰዓት ያህል፣ በእግሩ የሚያልፈውን ሰው ይቁጠሩ። ልጅ፣ ወጣት፣ አዛውንት፣ ሴት፣ ወንድ እያሉ ይለዩ። ጥቂቱን አስቁመው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከየት መጣህ፣ በምን መጣህ፣ ለትራንስፖርት ስንት ከፈልክ። ከትምህርት ቤታችሁ ወደ አራቱም ቦታ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድም ይለኩ። ቁጥሩን በአንድ ገጽ ጽፈው ለክፍለ ከተማው ፕላን ጽሕፈት ቤት ያስገቡ። የፕላን ክለሳ ሲኖር ሕዝብ ይወያይ ይባላል። ያኔ አብዛኛው ተሰብሳቢ የሚናገረው በስሜት ነው፣ በእጁ ቁጥር የያዘ ሰው ሲነሳ ግን ባለሙያዎቹ ብዕር ያነሳሉ። ቁጥሩ እኔ ያልኩትን ካፈረሰው ለእኔም ይላኩልኝ።